ጠርሙሱ ይተኛል፣ ወለዱ አይተኛም

በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ኤፐርኔ ከተማ ውስጥ «የሻምፓኝ ጎዳና» የሚባል መንገድ አለ። ግራና ቀኙ ያማሩ ሕንፃዎች ናቸው፤ ዋናው ሀብት ግን ያለው ከመሬት በታች ነው። በ1743 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሞዌት ኤ ሻንዶን ብቻውን በጠመኔ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ጓዳ አለው። ቲኬት ቆርጦ የሚወርድ ጎብኚ በበጋም ቢሆን ሹራብ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ነው።

አስጎብኚዎች የሚጀምሩት ከጋዙ ነው። ወይን ጠጁ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት እንደ ቢራ በቆርኪ ይታሸጋል። ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ሲፈላ መውጫ ያጣው ጋዝ 6 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይፈጥራል፤ ጠርሙሱ የወፈረው ለዚህ ነው። ከዚያ አተላው አንገቱ ላይ እንዲጠራቀም ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ ቀስ በቀስ ይዞራል። (ሥራውን ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ማሽን ነው፤ ለጎብኚ የሚታየው ግን የእንጨቱ መደርደሪያ ነው።) በመጨረሻ አንገቱ ቀዝቅዞ ቆርኪው ሲነሳ፣ የረጋውን አተላ ግፊቱ ራሱ አስፈንጥሮ ያወጣዋል።

ለነጋዴ ዓይን ትልቁ ወጪ ጊዜው ነው። ሕጉ ማንኛውም ሻምፓኝ ከታሸገ በኋላ ቢያንስ 15 ወር፣ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ የሆነው ደግሞ 3 ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። የወይን ፍሬው ሒሳብ ዛሬ ተከፍሎ ገቢው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በአካባቢው ጓዳዎች ተኝቶ ተራውን የሚጠብቀው ከ1 ቢሊዮን ጠርሙስ በላይ ነው።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ጓዳው ይጨናነቃል። በ2022 ወደ 326 ሚሊዮን የተጠጋው የጠርሙስ ሽያጭ በ2024 ወደ 271 ሚሊዮን ወርዷል። ስለዚህ ቅነሳው ከማሳው ይጀምራል። ወይን አልሚዎችና ትልልቆቹ ድርጅቶች ከአንድ ሄክታር የሚለቀመውን ፍሬ በየዓመቱ ተደራድረው ይወስናሉ፤ በ2024 10,000 ኪሎ የነበረው ጣሪያ በ2025 9,000 ሆኗል። ፍሬውን በኪሎ ለሚሸጥ ገበሬ ይህ በቀጥታ ከኪሱ የሚቀነስ ነው።

ጉብኝቱ የሚያበቃው በቅምሻ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ሲቀመስ ልዩነቱ ይገባል፤ ከአተላው ጋር ረጅም ጊዜ የቆየው ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይሸታል። አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ቡሹ የሚፈናጠር ሁሉ «ሻምፓኝ» ይባላል፤ በአውሮፓ ገበያ ግን ስሙ የዚህ አካባቢ ብቻ ነው። ጠርሙስ ይዞ መመለስ የሚፈልግ የምልክቱን ጥቃቅን ጽሑፍ ይመልከት፦ «አር ኤም» የሚል ካለበት፣ ወይኑን ያለማው ገበሬ ራሱ ጠምቆ የሚሸጠው ነው።