ኳሷ ለምን ተጣበቀች?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የፕሮግራሚንግ የቤት ሥራውን ይዞ ወደ ኮምፒዩተር ክፍላችን መጣ። የታዘዘው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ አንዲት ኳስ በስክሪን ላይ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ፣ ሁለት ተጫዋቾች በግራና በቀኝ በቆሙ መምቻዎች የሚመልሷት ጨዋታ መሥራት ነው። ጨዋታው ተሠርቷል፤ ኳሷም ትሄዳለች። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ ከመምቻው ጋር ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። ጨዋታው ሲረዝም ደግሞ መምቻውን ሰንጥቃ ታልፋለች። ጎል ከገባ በኋላም በሜዳው መካከል ቆማ ትቀራለች። ተማሪው አንዱን መስመር ሲያጠፋ ሌላውን ሲጨምር ሌሊቱን ሙሉ አድሯል። ማስረከቢያው በማግስቱ ነበርና የጓደኛውን ፕሮግራም ገልብጦ ለማቅረብ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሦስቱን ስሕተቶች ምክንያት እየመረመርን፣ ባለሙያዎች «ዲበጊንግ» የሚሉት የስሕተት ፍለጋ እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ ለአንባቢያን ለማስረዳት እንሞክራለን።

የጨዋታው አመጣጥ

ይህ ጨዋታ መጀመሪያ ሲሠራም የልምምድ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በተቋቋመበት ዓመት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኖላን ቡሽኔል ለወጣቱ መሐንዲስ ለአለን አልኮርን እጁን እንዲያፍታታበት የሰጠው ሥራ ነው። ውጤቱም «ፖንግ» በሚል ስም በዓለም ታወቀ። የመጀመሪያው ፖንግ ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ኳሷንና መምቻዎቹን ያንቀሳቅሱ የነበሩት የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩቶች ናቸው። ዛሬ ግን አንድ ጀማሪ ተማሪ ያንኑ ጨዋታ መቶ በማይሞሉ የትእዛዝ መስመሮች ሊጽፈው ይችላል።

ዓይን የሚያየውና ኮምፒዩተር የሚያውቀው

ኳሷ በስክሪኑ ላይ ስትንሳፈፍ ብናይም፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ኳስም እንቅስቃሴም የለም፤ ያሉት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ኳሷ ያለችበት ቦታ አንድ ቁጥር ነው፤ ፍጥነቷም ሌላ ቁጥር ነው። ፍጥነቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ነጌቲቭ ከሆነ ወደ ግራ ትሄዳለች። ፕሮግራሙ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ያንኑ ተግባር ይደጋግማል፦ በቦታው ላይ ፍጥነቱን ይደምራል፤ ኳሷ መምቻውን ነክታ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ከዚያም ሥዕሉን እንደገና ይሥላል።

ስለዚህ ኳሷ ትዘላለች እንጂ አትንሳፈፍም። ወንዝን በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚሻገር ሰው እግሩ የሚያርፈው በድንጋዮቹ ላይ ብቻ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ኳሷም በሁለት ማረፊያዎች መካከል የትም የለችም። ከዚህ በታች የምናያቸው ስሕተቶች ይህን እውነት ከመዘንጋት የመጡ ናቸው።

አንደኛው ስሕተት፦ የተጣበቀችው ኳስ

በመጀመሪያ ተማሪው እጁን ከኪቦርዱ ላይ እንዲያነሣና ኳሷ የምትጣበቀው መቼ እንደ ሆነ እንዲነግረን ጠየቅነው። «አንዳንድ ጊዜ» አለን። «አንዳንድ ጊዜ» የሚለው ቃል መልስ ሳይሆን የጥያቄ መጀመሪያ ነው። ጨዋታውን ደጋግመን ስናየው ኳሷ የምትጣበቀው ተጫዋቹ ሲዘገይ ብቻ እንደ ሆነ ተገነዘብን፤ ይኸውም ኳሷ የመምቻውን ፊት ካለፈች በኋላ መምቻው ከላይ ወይም ከታች መጥቶ ሲደርስባት ነው።

ከዚያም ፕሮግራሙ በየእርምጃው የኳሷን ቦታ እንዲጽፍልን አደረግን። የግራው መምቻ ከ30ኛው እስከ 40ኛው የስክሪን ነጥብ ድረስ ያለውን ስፍራ ይይዛል። ኳሷ ወደ ግራ በ4 ነጥብ እየዘለለች የግራ ጠርዟ 32 ላይ ሲደርስ መምቻው መጣባት። ተማሪው የጻፈው ትእዛዝ «ኳሷ መምቻውን ከነካች የፍጥነቷን ምልክት ገልብጥ» የሚል ነበር። ስለሆነም ፍጥነቷ ከ-4 ወደ 4 ተለወጠና ወደ 36 ዘለለች። ነገር ግን 36 አሁንም መምቻው ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ እንደገና ጠየቀ፤ ነክታለች፤ ምልክቱም እንደገና ተገለበጠ፤ ኳሷም ወደ 32 ተመለሰች። በወረቀታችን ላይ 32፣ 36፣ 32፣ 36 የሚል ረጅም ሰልፍ ተጻፈ። ዓይናችን መንቀጥቀጥ ብሎ ያየው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ኮምፒዩተሩ አንዳችም አለመሳሳቱን ነው፤ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል። ተማሪው በልቡ ያሰበው «ኳሷ ወደ ቀኝ ትሂድ» ሲሆን፣ የጻፈው ግን «ኳሷ አቅጣጫ ትቀይር» የሚል ነበር። ሁለቱ አባባሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ውጤት ይሰጣሉ፤ ኳሷ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መምቻውን ስትነካ ግን ይለያያሉ። መፍትሔውም አንድ መስመር ነው፤ የግራው መምቻ ሲነካ ምልክቱን ከመገልበጥ ይልቅ ፍጥነቱን ምንጊዜም ፖዘቲቭ ማድረግ።

ከመገመት በፊት መመልከት

የመጀመሪያው የፖንግ ማሽን በካሊፎርኒያ ግዛት በሰኒቬል ከተማ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ከተተከለ በኋላ ሥራ አቆመ ተብሎ አልኮርን ተጠራ። ሄዶ ሲከፍተው ሰርኪዩቱ ደህና ነበር፤ የሳንቲም ማጠራቀሚያው ከአቅሙ በላይ ሞልቶ ነው ማሽኑ የቆመው። አልኮርን ማሽኑን ሳይከፍት በግምት ብቻ ሰርኪዩቱን ሲቀያይር ቢያድር ኖሮ ችግሩ አይፈታም ነበር። ተማሪያችን ያደረገው ግን ይህንን ነው። በዘፈቀደ የተለወጠ መስመር ስሕተቱን ቢሰውረው እንኳ ለምን እንደ ጠፋ አያስረዳም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ስሕተትም ተመልሶ ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ በማናቸውም የሳይንስ ዘርፍ የምንከተለው ነው፦ መመልከት፣ መላምት ማቅረብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መሞከር።

ሁለተኛው ስሕተት፦ መምቻውን የሰነጠቀችው ኳስ

ተማሪው ጨዋታው እንዲከብድ ኳሷ በተመታች ቁጥር ፍጥነቷ በ2 እንዲጨምር አድርጓል። ከ4 የተነሣችው ኳስ 10 ጊዜ ከተመታች በኋላ በአንድ ዝላይ 24 ነጥብ ትጓዛለች። የኳሷ ወርድ 10 ነጥብ ነው፤ የመምቻው ውፍረትም እንዲሁ 10 ነው። እንግዲህ ሁለቱ የሚነካኩት የኳሷ ግራ ጠርዝ ከ20 በላይና ከ40 በታች ሲሆን ብቻ ነው። ግራ ጠርዟ 41 ላይ ያረፈች ኳስ 24 ነጥብ ስትዘልል 17 ላይ ታርፋለች። 41 ላይ ሳለች ገና አልነካችም፤ 17 ላይ ደግሞ አልፋ ሄዳለች። ፕሮግራሙ «ነክታለችን?» ብሎ በጠየቀባቸው በሁለቱም ጊዜያት እውነተኛው መልስ «አልነካችም» የሚል ነው።

መፍትሔው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «አሁን ነክታለችን?» ከማለት «ቀድሞ ከ40 መስመር ወዲህ ነበረች፤ አሁን ወዲያ ናትን?» ብሎ መጠየቅ፣ ተሻግራም ከሆነ ስትሻገር የነበረችበትን ከፍታ አስልቶ ከመምቻው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ረጅሙን ዝላይ ወደ ትንንሽ እርምጃዎች መከፋፈልም ሌላው መንገድ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት፦ ያልደረሰችው አንድ ሰከንድ

ጎል ከገባ በኋላ ኳሷ አንድ ሰከንድ ቆይታ እንድትለቀቅ ተማሪው በየአሥረኛ ሰከንዱ 0.1 የሚደምር ቆጣሪ ሠርቷል፤ «ቆጣሪው ከ1 ጋር እኩል ሲሆን ኳሷን ልቀቅ» የሚል ትእዛዝም ጽፏል። 0.1 አሥር ጊዜ ሲደመር 1 እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ኮምፒዩተሩ ግን 0.9999999999999999 አገኘ። ቀጥሎም ወደ 1.1 ገደማ አለፈ፤ 1ን በትክክል ስላልነካ ኳሷ ለዘለዓለም ቆማ ቀረች።

ምክንያቱ የቁጥር አጻጻፍ ነው። እኛ አንድ ሦስተኛን በአሥር ቤት ስንጽፍ 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ሁሉ፣ ዜሮና አንድን ብቻ የሚጠቀመው ኮምፒዩተርም አንድ አሥረኛን ጽፎ አይጨርስም፤ አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ አሥረኛ ሰከንዶቹን በሙሉ ቁጥር መቁጠርና 10 ሲሞሉ ኳሷን መልቀቅ ነው።

ይህ በጨዋታ ላይ ሲደርስ ያስቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ በዳህራን ከተማ ይኸው አንድ አሥረኛ ሕይወት አጥፍቷል። በዚያ የነበረው የፓትርዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜን በአሥረኛ ሰከንድ ይቆጥር ነበር፤ ቆጠራው ወደ ሰከንድ የሚለወጠው ግን በ24 ቢት ተቆርጦ በተቀመጠ የአንድ አሥረኛ ዋጋ ነበር። ሥርዓቱ ሳይቋረጥ 100 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የጊዜው ስሕተት 0.34 ሰከንድ ገደማ ደረሰ። በዚህች ቅጽበት የስከድ ሚሳይል ከ500 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሥርዓቱ ሚሳይሉን በተሳሳተ ስፍራ ፈለገው፤ ሳይመታው ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮችም ሞቱ።

ማጠቃለያ

አልኮርን በሠራው ፖንግ ውስጥም አንድ ጉድለት ነበር፤ መምቻዎቹ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ድረስ አይወጡም ነበር። አልኮርን ግን ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። ሁለት ጎበዝ ተጫዋቾች ጨዋታውን ያለ ማብቂያ እንዳያራዝሙት ይረዳል ብሎም አውቆ ተወው። ምክንያቱ የታወቀ ጉድለት በሰው ፈቃድ ሥር ነው፤ ሊታረምም ሊተውም ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀው ግን በጨዋታ ውስጥ ቢሆንም በሚሳይል መከላከያ ውስጥ ጌታው እርሱ ነው።

ተማሪው የመጀመሪያውን ስሕተት ከእኛ ጋር ካገኘ በኋላ፣ የቀሩትን ሁለቱን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ራሱ አገኛቸው። ያስረከበውም የራሱን ሥራ ነው። የጓደኛውን ፕሮግራም ቢገለብጥ ኖሮ ኳሷ ሳትጣበቅ ትሄድለት ነበር፤ ለምን እንደማትጣበቅ ግን አያውቅም ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም የጻፋችሁት ፕሮግራም እንቢ ሲላችሁ «ምን ልለውጥ?» ከማለታችሁ በፊት «በእውነት ያዘዝሁት ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ድካማችሁ ይቀልላል እንላለን።