በታብሌት ለሚካሄድ የመስክ ጥናት የማሰሻ ረቂቅ አጠባበቅ

ታብሌት ለመረጃ መሰብሰቢያነት ሲመረጥ ከማሰሻው (ብራውዘሩ) ፍጥነት ይልቅ ሊፈተሽ የሚገባው ረቂቅን የመጠበቅ ችሎታው ነው። የመሣሪያው ማህደረ ትውስታ ሲጣበብ ከዕይታ ውጭ ያለ ገጽ ከማህደሩ ሊወጣ ይችላል፤ ተጠቃሚው ሲመለስ ገጹ እንደ አዲስ ስለሚጫን ተሞልቶ ያልተላከ መጠይቅ ለመጥፋት ይጋለጣል። በመሆኑም መጠይቁ እያንዳንዱን ምላሽ ወዲያውኑ በማሰሻው የውስጥ ማከማቻ እንዲያኖር ሆኖ መዘጋጀት አለበት፤ ይህ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ይሁንና ማከማቻው ዘላቂ አይደለም። የሳፋሪ የክትትል መከላከያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ማሰሻው አገልግሎት ላይ በዋለባቸው 7 ቀናት ተጠቃሚው ያልነካውን ድረ ገጽ ማከማቻ ይሰርዛል። በታብሌቱ መነሻ ገጽ ላይ እንደ መተግበሪያ የተጨመረ ድረ ገጽ ግን የራሱ የቀን ቆጠራ ስላለው ከዚህ ስረዛ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ አጥኚው መጠይቁን አስቀድሞ በመነሻ ገጹ ላይ ሊጨምር፣ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥርም ምላሾቹን ወደ ሰርቨር ሊልክ ይገባል።