ጠዋት ደህና፣ ማታ ደካማ፦ ማያስቴኒያ ግራቪስ ስለተባለው የጡንቻ ሕመም

አንዲት እናት ጠዋት ተነሥታ ውሃ ቀድታ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ ቡና አፍልታ ትውላለች እንበል። ከቀትር በኋላ የአንድ ዓይኗ ቆብ እየወረደ ይመጣል። ማታ ራት ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ ከዋጠች በኋላ ማላመጥ ያቅታትና አገጯን በእጇ ደግፋ ትቀመጣለች። በማግስቱ በማለዳ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተራ ስትይዝ ግን ዓይኗ ተከፍቷል፣ ንግግሯም ጥርት ብሏል። መርማሪው አይቷት «ምንም የለብሽም» ብሎ ቫይታሚን ይሰጣታል። ጎረቤት ደግሞ አንዱ ልግመኛ ናት ይላል፣ ሌላው ቡዳ ነው ይላል።

ይህች ሴት ልግመኛ አይደለችም፤ ቡዳም አልበላትም። ጠዋት ሻል ማለቱ፣ ሲሠሩ መድከሙና ሲያርፉ መመለሱ የአንድ የታወቀ ሕመም ዋና ምልክት ነው። ስሙ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ብዙ ሰው የሚይዝ ሕመም ባይሆንም በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው፤ ካልታወቀ ግን ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። በዚህ ዕትም ያነሣነውም ስለዚህ ነው።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

እጅዎን ለማንሣት ሲያስቡ ትእዛዙ በነርቭ በኩል ይወርድና ጡንቻው ዘንድ ይደርሳል። ነርቩና ጡንቻው በሚገናኙበት ቦታ ነርቩ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ጡንቻው ላይ ያሉት ተቀባዮችም እሱን ተቀብለው ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋሉ። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ኃይል መንገድ ይስትና ተሕዋስያንን ለመዋጋት የሚሠራውን አንቲቦዲ በገዛ ራሱ ተቀባዮች ላይ ያዘምታል። መልእክተኛው ይመጣል፣ በር የሚከፍትለት ግን ያጣል። ጡንቻው በተደጋጋሚ ሲሠራ የሚለቀቀው ንጥረ ነገር መጠን እየቀነሰ ስለሚሄድ ድካሙ ይብሳል፤ ሲያርፉ ይሻላል።

ሕመሙ መላ ሰውነትን ከያዛቸው 100 ሕሙማን መካከል በ85 ገደማ የሚሆኑት ደም ውስጥ ይህ አንቲቦዲ ይገኛል። ዓይን ላይ ብቻ በተወሰነባቸው ሰዎች ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ላይገኝ ስለሚችል፣ የደም ምርመራው ምንም አላሳየም ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችው ታይመስ የተባለች ዕጢም በነገሩ እጇ አለበት፤ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ እብጠት ይገኝባታል።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ድንኳን በማደር አይዝም። ሴቶችን ብዙ ጊዜ ከ40 ዓመት በፊት፣ ወንዶችን ደግሞ ከ60 በኋላ ይጀምራቸዋል፤ ሕፃናትንም አይምርም።

ምልክቶቹን እንዴት ያውቋቸዋል?

ከግማሽ በላይ በሆኑት ሕሙማን መጀመሪያ የሚታየው ዓይን ላይ ነው። የአንዱ ወይም የሁለቱ ዓይን ቆብ ይወርዳል፤ የአንዱ ከሌላው ይበልጣል፤ ቀን በቀንም ይለዋወጣል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንድ ዓይን ሲሸፈን ግን አንድ ይሆናል። በዓይን ከጀመራቸው ሰዎች ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላ አካላቸውም ይደክማል። ስለዚህ «ዓይኔ ብቻ ነው» ብለው አይተዉት።

ቀጥሎ አፍና ጉሮሮ ይመጣል። ቆሎ ወይም ሥጋ ሲያላምጡ መንጋጋ ይዝላል። ረዘም ያለ ወሬ ሲያወሩ ድምፅ በአፍንጫ መውጣት ይጀምራል። ውሃ ሲጠጡ በአፍንጫ ይመለሳል፤ ትን ይላል። ሲስቁ ፊት የተቆጣ ይመስላል፤ ይህ ሰው ለሰው ጠብ የሆነበት ጊዜ አለ። እጅና እግር ላይ ሲመጣ ከጣት ይልቅ ትከሻና ዳሌ ቀድመው ይደክማሉ፦ የልጅን ፀጉር ሹሩባ ሲሠሩ ክንድ ይወድቃል፤ ጀሪካን ከመሬት አንሥቶ መሸከም፣ ከበርጩማ መነሣት ይከብዳል። አንገትም ራስን መሸከም ያቅተዋል።

የሌለውን ምልክት ማወቅም ይጠቅማል። በዚህ ሕመም እጅና እግር አይደነዝዝም፣ አያቃጥልም፤ የዓይን ብሌን መጠን አይለወጥም፤ አእምሮም አይታወክም። የሰውነት አንድ ጎን በድንገት ከዛለና አፍ ከተጣመመ ያ ምናልባት ስትሮክ ነው። በደኅና ያደረ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዓይኑ ከተከደነና መዋጥ ካቃተው ደግሞ፣ በተለይ መሬት ላይ ተኝቶ ካደረ፣ እባብ ነድፎት እንደሆነ ይታሰብ። የአንዳንድ እባቦች መርዝ የሚመታው ይህንኑ የነርቭና የጡንቻ መገናኛ ነው፤ የተነደፈበት ቦታም ላያብጥ ይችላል። ይህ አንድ ደቂቃ የማይታደርበት ነገር ነው።

የጤና ሠራተኛ ለሆኑ አንባቢዎቻችን፦ ሕመምተኛው ራሱን ሳያቀና ለአንድ ደቂቃ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጉና የዓይኑ ቆብ እየወረደ መሆኑን ተመልከቱ። ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ይያዝ። ከክትባት ማቀዝቀዣ በረዶ ካገኛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በተከደነው ዓይን ላይ ለ2 ደቂቃ አኑሩት፤ ቆቡ በግልጽ ከተነሣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሙቀት ሕመሙን ሲያብስ ቅዝቃዜ ለጊዜው ያሻሽለዋልና። የረፋድ ሙቀት ብቻውን ሰው በሚያዝልባቸው በረሃማ ሰፈሮች ሕመምተኞቹ ለምን ከቀትር በኋላ እንደሚወድቁ ከዚህ ይገባችኋል።

ትንፋሽ ሲያጥር

ሕመሙ የመተንፈሻ ጡንቻን ሲይዝ ሕይወት ያሰጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው የሳንባ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ነው፤ መድኃኒት ማቋረጥ፣ ቀዶ ሕክምናና ወሊድም ያመጡታል። አታላይ የሚያደርገው ሕመምተኛው እንደ አስም በሽተኛ ሲታገል ላይታይ መቻሉ ነው፤ ጡንቻው ለመታገልም አቅም የለውም። በጀርባ መተኛት ካልቻለ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ሳሉ ደካማ ከሆነ፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ከተነፈሰ ይጠርጥሩ። በአንድ ትንፋሽ ከ1 ጀምሮ እንዲቆጥር ያድርጉ፤ 20 ሳይደርስ ካቋረጠ፣ ወይም ከትናንቱ በጣም ካነሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት። ቀና አድርገው ያስቀምጡት። ምግብም ውሃም በአፉ አይስጡት።

ስለ መድኃኒቱ

በ1934 ሜሪ ዎከር የተባሉ ስኮትላንዳዊት ሐኪም የዚህ ሕመም ድካም ኩራሬ በተባለው መርዝ ከተመረዘ ሰው ድካም ጋር መመሳሰሉን አይተው የኩራሬን ማርከሻ ሞከሩት፤ ሠራ። ዛሬ የሚሰጠው ፒሪዶስቲግሚን የዚያው ዘር ነው። ክኒኑ በግማሽ ሰዓት ገደማ መሥራት ይጀምርና ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ ለማላመጥና ለመዋጥ ይረዳል። ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና የምራቅ መብዛት ካስቸገረዎ ለሐኪም ይንገሩ፤ በራስዎ አይጨምሩ፣ መጠኑ ሲበዛ ራሱ ያደክማልና።

ብዙዎች ፕሬድኒሶሎን ይጨመርላቸዋል። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ድካሙን ሊያብስ ስለሚችል ያኔ የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል። በድንገት አይቋረጥም። ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ቀድመው ይናገሩ። ለአንዳንዶች ታይመስን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይጠቅማል፤ ይህ በትልቅ ሆስፒታል የሚወሰን ነው። የሚጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪምዎና ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት እንጂ መድኃኒቱን ዝም ብለው አይዝለሉ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ግን ሌላ ነው። ለሌላ ሰው ደህና የሆነ መድኃኒት ለእርስዎ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፤ ለወባ የሚሰጡት ኪኒንና ክሎሮኪን፤ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፤ በእርግዝና ደም ግፊት ላይ የሚወጋው ማግኒዥየም ሰልፌት፦ እነዚህ ድካሙን በድንገት ሊያብሱ ይችላሉ። ይህ ማለት ወባዎ ወይም የሳንባ ምችዎ አይታከም ማለት አይደለም፤ ሳይታከም መቅረቱም ያብሳልና ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል። ከገበያ የተገዛ ክኒን ግን ፈጽሞ አይውሰዱ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሆስፒታል ይውለዱ። ከ10 ሕፃናት አንድ ወይም ሁለቱ የእናታቸውን አንቲቦዲ ይዘው ስለሚወለዱ ለጥቂት ሳምንታት መጥባት ሊያቅታቸው ይችላል፤ ከዚያ ይለቃቸዋል።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ከተቻለ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። ካልተቻለ ማታ ዓይንዎ ሲከደን ቤተሰብዎ በስልክ ፎቶ ያንሣዎትና ያንን ያሳዩ። የሕመሙ ስምና የማይወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር በጤና ካርድዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በሚያነቡት ቋንቋ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ወደ ሌላ ሰፈር ወይም ሦስተኛ አገር የሚዛወሩ ከሆነ የካርዱን ቅጂና ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያድርጉት።