አርባ ስምንት ሰዓት

ሰውን ማሰር ቀላል ነው፤ ስለምን እንደ ታሰረ ማስረዳት ግን ድካም አለው። ስለዚህ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይቈጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። ይኸው መብት ግን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊታገድ ይችላል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ፣ እስከ ኅዳር መጀመሪያ 11,607 ሰዎች መታሰራቸውን መርማሪ ቦርዱ ራሱ ገለጠ። ከዚያ በፊት ሕዝቡ አደባባይ የወጣው ስለ መሬትና ስለ ፍትሕ ነበር፤ ወህኒ ቤት ደግሞ ሁለቱንም አይሰጥም።

በእኛ ዞን ከጅሌ ጥሙጋ አንድ ገበሬ በአጨዳ ወራት ቢታሰር፣ ማሽላው በማሳ ይቀራል፤ ልጁም ደብተሩን ትቶ ማጭድ ያነሣል። እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ ነገ ሹም ወይም ዳኛ ብትሆን፣ አስቀድመህ ሰዓቱን ቍጠር።