ያውቁ ኖሯል? ሠዓሊዎች የነገሡበት የሩሲያ ባሌት

የሰርጌይ ዲያጊሌቭ ቡድን ስሙ «የሩሲያ ባሌት» ይባል እንጂ ሩሲያ ውስጥ አንድም ቀን ትርኢት አላሳየም። በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ በሚገኘው የሻትሌ ቴአትር ጀመረ፤ መሥራቹ በ1929 ቬኒስ ላይ ሲሞት ቡድኑም ፈረሰ። በእነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ ፒካሶ፣ ማቲስ፣ ብራክ፣ ደ ኪሪኮና ኮኮ ሻኔል ለዳንሰኞቹ ልብስ ነድፈዋል ወይም መድረክ አሰማምረዋል።

ዲያጊሌቭ ራሱ ዳንሰኛም ሠዓሊም አልነበረም። ዋና ሙያው ሰው መምረጥና ገንዘብ ማፈላለግ ነበር። ወደ ባሌት ከመግባቱ በፊት በሴንት ፒተርስበርግ «የሥነ ጥበብ ዓለም» የተባለ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር፤ ሌዮን ባክስትና አሌክሳንድር ቤኑዋም ከዚያው መጽሔት ወደ መድረክ የተሻገሩ ጓደኞቹ ናቸው። መጽሔት አዘጋጆች ለምንም አይበጁም የሚል ካለ ይህን ልብ ይበልልን።

ከእነዚህ ጓደኛሞች በፊት የመድረክ ሥራ እንዴት ነበር? በዛሩ ቴአትሮች የመድረክ ሥዕል የተከፋፈለ ሥራ ነበር፤ ጫካ የሚሥለው ሌላ፣ ቤተ መንግሥት የሚሥለው ሌላ። ታሪኩ ግብፅም ይሁን ሕንድ፣ ዋናዋ ዳንሰኛ ቱቱ የሚባለውን አጭር ቀሚስ ለብሳ ትወጣለች። ታዋቂዋ ዳንሰኛ ማቲልዳ ክሼሲንስካያማ የራሷን አልማዝ አጥልቃ ነበር የምትጨፍረው፤ የምትጫወተው የድሀ ልጅ ቢሆንም ግድ አልነበራትም።

ይህን ልማድ መጀመሪያ የነቀነቀው የባቡር ሐዲድ ከበርቴ ነው ቢባል ማን ያምናል? ሳቫ ማሞንቶቭ በ1885 ሞስኮ ውስጥ የግል ኦፔራ ሲከፍት የመድረኩን ሥራ ለእውነተኛ ሠዓሊዎች ሰጠ። ቫስኔትሶቭ፣ ኮሮቪንና ቭሩቤል እዚያ ሠሩ፤ ዲያጊሌቭም መንገዱን ተጠርጎ አገኘው።

በሩሲያ ሠዓሊዎች ዘንድ የመድረክ ሸራ የሚሣለው ወለል ላይ ተዘርግቶ ነው። ሠዓሊው ቀለሙን በባልዲ በጥብጦ፣ ሸራው ላይ እየተራመደ፣ እንደ መጥረጊያ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ይቀባል። ሸራን አቁመው መቀባት የለመዱት እንግሊዞች በዚህ ተገርመው ነበር፤ ቭላዲሚር ፖሉኒን የተባለው ሩሲያዊ ሠዓሊም ዘዴውን ለንደን ውስጥ አስተምሮ በ1927 መጽሐፍ አሳትሞበታል።

በ1909 «ክሊዮፓትራ» በተባለው ባሌት ዳንሰኛዋ ኢዳ ሩቢንስታይን መድረክ ላይ የወጣችው በእግሯ አልነበረም። እንደ ሬሳ ተገንዛ፣ በሣጥን ውስጥ ሆና፣ በባሮች ትከሻ ነው የገባችው። ከዚያ የተገነዘችባቸው አሥራ ሁለት መሸፈኛዎች አንድ በአንድ ተፈቱ፤ ፓሪስም ዓይኗን መንቀል አቃታት። ሐሳቡ ከባክስት ጭንቅላት የሚፈልቅ ዓይነት ነው፤ ልብስን መልበስ ብቻ ሳይሆን ማውለቅም ትርኢት አደረገው። ዳሩ ግን የመድረኩ ሥዕል በ1917 በደቡብ አሜሪካ ጉዞ ላይ በእሳት ወደመ። በ1918 ሮቤር ዴሎኔ አዲስ የመድረክ ሥዕል፣ ሚስቱ ሶንያ ዴሎኔ ደግሞ አዲስ ልብስ ሠሩ።

ባክስት በ1910 ለ«ሼህራዛድ» አረንጓዴን ከሰማያዊ፣ ቀይን ከብርቱካናማ ያለ ፍርሃት አጋጠመ። ዘመኑ የለመደው የደበዘዘ ቀለም ነበርና የፓሪስ ሴቶች ጥምጣምና ሰፊ ሱሪ ናፈቁ፤ የቤት ትራስና መጋረጃ ሳይቀር ቀለም ለወጠ። ፋሽን ነዳፊው ፖል ፑዋሬ ግን ከባክስት ምንም አልወሰድኩም ብሎ ድርቅ አለ። ፓሪስ እንዲህ ስታከብረው የገዛ አገሩ ፊት ነሣችው፤ ባክስት አይሁዳዊ ነበርና በ1912 በሴንት ፒተርስበርግ እንዳይኖር ተከለከለ።

በአንድ ሱሪ ምክንያት የዓለም ታላቅ ዳንሰኛ ከሥራ ተባሯል። በጥር 1911 ቫስላቭ ኒዢንስኪ በዛሩ የማሪንስኪ ቴአትር «ዢዜል»ን ሲጫወት፣ ወንዶች ከጥብቅ ሱሪ በላይ የሚደርቡትን ቁምጣ ሳይደርብ ቤኑዋ በነደፈለት አጭር ካባ ብቻ ወጣ። ተመልካቾቹ መካከል የዛሩ እናት ነበሩ። ኒዢንስኪ ተሰናበተ። ዲያጊሌቭ ደግሞ ያለ ቤተ መንግሥት ፈቃድ ዓመቱን ሙሉ የሚያዘው ዳንሰኛ አገኘ፤ ተከፋ ማለት ያስቸግራል።

በዚያው ዓመት «ፔትሩሽካ» የተባለው ባሌት ሁለቱን የቆዩ ጓደኛሞች፣ ቤኑዋንና ባክስትን አጣላ። ፔትሩሽካ የተባለው አሻንጉሊት በተዘጋበት ክፍል ግድግዳ ላይ የጠንቋዩ ምስል ይንጠለጠላል፤ ቤኑዋ አሻንጉሊቱን አፍጥጦ እንዲያይ አድርጎ ነበር የሣለው። ምስሉ ወደ ፓሪስ ሲጓጓዝ ተበላሸ፤ ቤኑዋም ታሞ ተኝቶ ስለነበር ባክስት በራሱ መንገድ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ሣለው። ቤኑዋ ልምምዱን ሊያይ ሲገባ ምስሉ የእሱ አይደለም። በሰው ፊት ጮኸ፣ ከሥነ ጥበብ ኃላፊነቱም ለቀቀ። ነገሩ የኩርፊያ ይመስላል፤ ግን ቤኑዋ እውነት አለው። ጠንቋዩ ፔትሩሽካን ካላየው ግድግዳው ላይ ምን ይሠራል?

በ1912 «የፋውን ከሰዓት በኋላ» ለተባለው ባሌት (ፋውን ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ የተረት ፍጡር ነው) የኒዢንስኪን ልብስ ነጠብጣብ ባክስት በገዛ እጁ ነው የቀባው።

በ1913 በፓሪስ ሁከት ያስነሣው «የፀደይ ሥርዓት» ሲነሣ ሁሌ የሚወራው ስለ አቀናባሪው ስትራቪንስኪ ሙዚቃ ነው። ልብሱንስ? የነደፈው ኒኮላይ ሮሪክ የጥንት ስላቮችን ባህል ያጠና ሠዓሊ ነበር፤ ልብሶቹን ከከባድ የሱፍ ጨርቅ አሠርቶ በጥንታዊ ምልክቶች አስጌጣቸው። ዳንሰኞቹ በዚያ ልብስ መዝለልና መንቀጥቀጥ ነበረባቸው። ተመልካቹ ሲጮህ እነሱ በሙቀት ይቀቀሉ ነበር።

ቅድመ አያቱ ሐበሻ ነው እያልን የምንኮራበት ፑሽኪንም በዚህ ቡድን መድረክ ላይ ድርሻ አለው። ከእሱ ተረት የተወሰደው «ወርቃማው አውራ ዶሮ» የተባለው ኦፔራ በ1914 ሲቀርብ፣ ዘፋኞቹ ግራና ቀኝ በደረጃ ተደርድረው ይዘምራሉ፤ ታሪኩን የሚጫወቱት ዳንሰኞቹ ናቸው። ናታሊያ ጎንቻሮቫ ከገበሬ ጥልፍና ከአሻንጉሊት የቀዳችው ደማቅ መድረክ ፓሪስን ማረከ። የአቀናባሪው የሪምስኪ ኮርሳኮቭ ባለቤት ግን በኦፔራው ላይ የተደረገውን ለውጥ አጥብቀው ተቃወሙ።

በ1917 ፒካሶ ለ«ፓራድ» የሠራው መጋረጃ ወርዱ 16 ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ነው። የመጋረጃው ሥዕል ለስላሳ ነበርና ተመልካቹ ተረጋጋ። ሲገለጥ ግን ከካርቶን የተሠራ ሕንፃ የተሸከሙ፣ ከሰው ቁመት እጅግ የረዘሙ ሁለት «አስተዳዳሪዎች» እየተንገዳገዱ ወጡ። ሦስተኛው በፈረስ ላይ የሚቀመጥ አሻንጉሊት እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በልምምድ ጊዜ እየወደቀ ስላስቸገረ ተጣለና ፈረሱ ብቻውን ቀረ። ፈረሱ ውስጥ ሁለት ዳንሰኞች ነበሩ። ፒካሶም ከዚህ ሥራ ሚስት አተረፈ፤ በ1918 ከቡድኑ ዳንሰኛ ከኦልጋ ኮክሎቫ ጋር ተጋባ።

ሠዓሊ ሲነግሥ የሚከፍለው ዳንሰኛው ነው። ሠዓሊው ላሪዮኖቭ በ1921 «ሹት» የተባለውን ባሌት ሲነድፍ ልብሱን ገትሮ ስላደረቀው ዳንሰኞቹ መታጠፍ አቅቷቸው አጉረመረሙ። ደ ኪሪኮ በ1929 ለ«ድግስ» የእንግዶቹን ልብስ በዓምድና በጡብ ሥዕል ሞላው፤ ሰው ሳይሆን ፍርስራሽ የሚጨፍር ይመስል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ የደረሰው በኅዳር 1921 ለንደን ላይ ነው። «የተኛችው ልዕልት» በአልሃምብራ ቴአትር ስትቀርብ ባክስት በመቶዎች የሚቆጠሩ አልባሳት በሐርና በወርቅ ክር አሠራ። በመጀመሪያው ምሽት አስማታዊው ጫካ ብቅ እንዲል የተሠራው ማሽን እንቢ አለ። ትርኢቱ ከ100 ጊዜ በላይ ቢታይም ወጪውን አልመለሰም። የቴአትሩ ባለቤት ኦስዋልድ ስቶል መድረኩንም ልብሱንም በዕዳ ያዘ። ዲያጊሌቭ በ1922 የባሌቱን የሠርግ ክፍል ብቻ ፓሪስ ላይ ሲያሳይ፣ ከ1909 ዘመን የቀሩትን የቤኑዋ ልብሶች አውጥቶ ዳንሰኞቹን አለበሳቸው።

በ1924 የቀረበው «ሰማያዊው ባቡር» ላይ ባቡር የለም። ያለው የባሕር ዳርቻና ሻኔል የሠራችው የዋና ልብስ ነው። መጋረጃው ከፒካሶ ትንሽ ሥዕል የተገለበጠ ነው፤ ዋናው ከአንድ ክንድ አይበልጥም፣ ግልባጩ ግን ቁመቱም ወርዱም ከ10 ሜትር በላይ ነው። የገለበጠው ልዑል አሌክሳንድር ሼርቫሺድዜ ሲሆን፣ ፒካሶ ሲያየው ተደስቶ እንደ ራሱ ሥራ ፈረመበት።

በ1927 ለ«ድመቷ» ጋቦና ፔቭስነር የተባሉ ወንድማማቾች መድረኩን ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ሠርተው ወለሉን ጥቁር የሰም ጨርቅ አለበሱት።

ዲያጊሌቭ ገንዘብ ሲያጥረው መጋረጃ ይቆርጣል። ፒካሶ በ1919 ለ«ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ» የሠራውን መሐሉን አስቆርጦ በ1928 ሸጠው። 6 ሜትር በ6 ሜትር የሚሆነው ይህ ቁራጭ ከ1959 እስከ 2014 ኒውዮርክ ውስጥ «ፎር ሲዝንስ» በተባለ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሀብታሞች ምሳ ሲበሉ ከጎኑ ያልፉ ነበር። የሕንፃው ባለቤት ግድግዳው ይጠገን ብሎ ክርክር ከተነሣ በኋላ ወደ ኒውዮርክ የታሪክ ማኅበር ቤተ መዘክር ተዛወረ።