እውነት ወይስ ተረት? «የድሮ ፊልም ነው፣ ምን ይጠበቃል?»

ይህችን አባባል ያልሰማ የፊልም ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። ምስሉ ሲደበዝዝ፣ የተዋናዩ ፊት ከግድግዳው አልለይ ሲል፣ አንዱ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ይወረውራታል። አስከትሎም «በ1960ዎቹ ኤችዲ የት ነበርና ነው ብሉሬይ የሚገዛለት? ገንዘብ መጣል ነው» ይላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲሰሙት ያሳምናል። ቴሌቪዥኑ አዲስ፣ ፊልሙ አሮጌ፤ አሮጌው ከአዲሱ እኩል ከየት ይጠራል?

ይጠራል። ፊልም ከመሠረቱ ፎቶግራፍ ነው፤ በሰከንድ 24 ፎቶ። የብር ውህድ በተቀባ 35 ሚሊ ሜትር ጥቅልል ላይ ብርሃን ራሱ ያተመው ስለሆነ ፒክስል የሚባል ነገር አያውቅም፤ በደህና የተያዘ ኔጋቲቭ ዛሬ በ4ኬ ስካን ሲደረግ የጸጉር ዘለላና የጨርቅ ክር ሳይቀር ይወጣዋል። የደከመው ፊልሙ ሳይሆን ወደ ቤታችን የመጣበት መንገድ ነው። በ1976 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የቪኤችኤስ ካሴት ከጎን ወደ ጎን ለይቶ ማሳየት የሚችለው 240 ያህል መስመር ብቻ ነበር። ዲቪዲ በ1996 መጣና አሻሻለው፤ ብሉሬይ ደግሞ በ2006 ወደ 1920 በ1080 ፒክስል አደረሰው። በ1962 የወጣው «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ግን የተቀረፀው የምስሉ ስፋት ከመደበኛው ከእጥፍ በሚበልጥበት ባለ 65 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ስለነበር፣ ለ50ኛ ዓመቱ ሲታደስ ስካን የተደረገው በ8ኬ ነው። ፊልሙ የእኛ ቴሌቪዥን እስኪደርስበት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ያወጣውን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» እንይ። ሬሳ ተነሥቶ ሰው የሚበላበት፣ በፔንሲልቬኒያ ገጠር በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ርዕሱ መጀመሪያ ሌላ ነበር። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው አብሮ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ያለዚያች ማስታወቂያ መብት የለም ይል ስለነበር ፊልሙ የማንም ሆነ። የፈለገ ሁሉ እጁ ከገባው ቅጂ ላይ ካሴት እየገለበጠ ቸበቸበው፤ የተገለበጠውም መልሶ ተገለበጠ። መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ፎቶ ኮፒው እንደገና ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የባለቤቱ ፊት ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ለአሥርተ ዓመታት ተመልካች ያየው ያንን ነው፦ ጨለማው አንድ ወጥ ጥቁር፣ ፊቱ አንድ ወጥ ነጭ። ብዙዎች «ልጆቹ ካሜራ አያውቁም ነበር» ብለው ፈረዱ። አንዳንዶች እንዲያውም ጉድለቱን ወደዱት፤ ጭጋጉ የዜና ፊልም አስመስሎ ፍርሃቱን አበዛው አሉ።

ልጆቹ ግን ካሜራ በደንብ ያውቁ ነበር። ሮሜሮና ጓደኞቹ ከዚያ በፊት እንጀራቸው ፒትስበርግ ውስጥ ማስታወቂያ መቅረፅ ነበር። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምና ፊልም ፋውንዴሽን በ2016 ከመጀመሪያው ኔጋቲቭ ላይ በ4ኬ አሳደሱት፤ በ2018 ደግሞ ክራይቴሪየን የተባለው አሳታሚ በዲስክ አወጣው። አሁን ዋናው ተዋናይ ዱዌይን ጆንስ መስኮቱን በጣውላ ሲቸነክር ይመልከቱ፤ ፊቱ ላይ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደተጣለ፣ ጥላው የት እንዲወድቅ እንደታሰበ ይታያል። ጭጋጉ ሲገፈፍ ፍርሃቱ ቀነሰ የሚል ካለ እኔ አልስማማም። አድፍጦ የቆመውን ለይቶ ማየት ይበልጥ ያስፈራል።

እኛ ዘንድ ተረቱ የበረታበት ምክንያት ግልጽ ነው። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የሚታየው ካሴት፣ ቆይቶም ቪሲዲው፣ ከስንተኛው ቅጂ እንደተገለበጠ የሚጠይቅ አልነበረም። ስለ ድሮ ፊልም ያለን ትዝታ በአብዛኛው የዚያ ካሴት ትዝታ ነው። የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» ተባዝቶ በተላለፈ ካሴት የሚያስታውስ ሰው፣ በ2021 በ4ኬ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣው ጋር ቢያስተያየው ነገሩን ያለ ክርክር ይረዳዋል።

ሌላው ስሞታ «ብሉሬይ ብዬ ገዝቼ ምስሉ ላይ አሸዋ ይርመሰመሳል» የሚለው ነው። ቆሻሻ ወይም የዲስክ ብልሽት ይመስላል፤ አይደለም። የፊልሙ የራሱ ቅንጣት ነው፤ ምስሉ የተሠራው ከእሱ ነው። በኮምፒዩተር ልጥረገው ያለ ሰው ዝርዝሩንም አብሮ ይጠርገዋል። በ1987 የወጣው «ፕሬዳተር» በ2010 «ተሻሽሎ» በብሉሬይ ሲታተም የደረሰበት ይኸው ነው፦ ጫካ ውስጥ በላብ የሚታጠበው ሽዋርዜኔገር ከሰም የተሠራ አሻንጉሊት መሰለ፣ ወዳጆቹም የቀድሞውን እትም መፈለግ ጀመሩ። ስለዚህ ገምጋሚ «እንደ መስታወት ጠርቷል» ብሎ ብቻ ሲያልፍ እኔ እጠረጥራለሁ። ዲስኩ ከኔጋቲቭ ነው የተሠራው ወይስ ከሲኒማ ቤት ቅጂ? ቅንጣቱስ አለ ወይስ ተልጓል? ይህን የማይነግረን ግምገማ ስለ ታሪኩና ስለ ትወናው እንጂ ስለምንገዛው ዕቃ አልነገረንም።

ከላይና ከታች ያለው ጥቁር መስመርም «ምስሉን ቆርጦታል» ይባላል። የሚቆርጠው ተቃራኒው ነው። አራት ማዕዘኑን የድሮ ቴሌቪዥን ለመሙላት ሲባል የሰፊ ስክሪን ፊልም ጎንና ጎኑ ይከረከም ነበር፤ በጣም ሰፊ ከሆኑት ላይ ከመቶ 40 እጅ በላይ ይጠፋል። መስመሩ ካለ ሙሉውን እያዩ ነው።

ጨርሶ የማይጠራ ፊልም የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ የሚገርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲሱ መሆኑ ነው። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረፀ ፊልም ካሴቱ ከያዘው ውጪ የሚቆፈር ኔጋቲቭ የለውም፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው የአማርኛ ቪዲዮ ፊልምም ዕጣው ይኸው ነው። ዳኒ ቦይል በ2002 ያወጣው «28 ዴይስ ሌተር» አብዛኛው ክፍሉ የተቀረፀው ካኖን ኤክስኤል1 በተባለች፣ በእጅ በምትያዝ የሚኒ ዲቪ ካሜራ ነው፤ መዝጊያው ግን በ35 ሚሊ ሜትር። ብሉሬዩን ከፍተው እስከ መጨረሻው ይታገሡ፦ ፊልሙን ሙሉ ሲደበዝዝ የቆየው ምስል መዝጊያው ላይ ሲደርስ ወለል ይላል። ዲስኩ ያው ነው፣ ቴሌቪዥኑም ያው ነው።