የተበላሸ የፍጥነት መለኪያ ሲተካ

በዕድሜ የገፉ የጭነት መኪናዎች ፍጥነት የሚለካው ያለ ባትሪ ነው። ከካምቢዮው የሚነሣ ተጣጣፊ የሽቦ ገመድ በመለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። የማግኔቱ መዞር ሳይነካው በከበበው የአሉሚኒየም ቆብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል፤ ጅረቱም ቆቡን አብሮ እንዲዞር ይገፋዋል። ቀጭን ሞላ ወደ ኋላ ስለሚስበው ግን ቆቡ ከነቀስቱ የሚዞረው እንደ ፍጥነቱ መጠን ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሰ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1902 እ.ኤ.አ. ነበር።

ቀስቱ ቆሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሠራ ገመዱ ደኅና ነው፤ ብልሽቱ በመለኪያው ውስጥ ነው። ሁለቱም ከቆሙ አስቀድመን ገመዱን እንመርምር።

አዲሱ መለኪያ በቦታው ልክ መግባቱ ብቻውን አይበቃም። ገመዱ በአንድ ኪሎ ሜትር 1000 ጊዜ በሚዞርበት መኪና ላይ ለ1200 ዙር የተሠራ መለኪያ ብንገጥም፣ መኪናው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ቀስቱ 60 ያሳያል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ፍሬኑ የሚሸከመው ሾፌሩ ከገመተው በ44 በመቶ ይበልጣል። ይህም በቁልቁለት ላይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በብዙዎቹ መለኪያዎች ላይ የሚጻፈውን የዙር ቁጥር ከቀድሞው ጋር እናመሳክር። ከዚያም ቀስቱን 60 ላይ አጽንተን አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀውን ጊዜ እንለካ፤ 60 ሴኮንድ ከሆነ መለኪያው ትክክል ነው፤ 50 ከሆነ ግን መኪናው የሚሮጠው በ72 ነው።